ሸሪክን ለማስወጣት የተሠራ ሊግ፦ ስለ ናሽናል ሆኪ ሊግ የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በአማርኛ የስፖርት አንባቢዎች መካከል ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ፣ በሰሜን አሜሪካ የሚካሄደው ናሽናል ሆኪ ሊግ እንዴት እንደተመሠረተና የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ እንዴት እንዳለፈ ለማስረዳት ሞክሯል። በቋንቋችን ስለ በረዶ ላይ ሆኪ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ርእሱን በማንሳታቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኔም ጽሑፉን በደስታ ነው ያነበብኩት፣ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ የተጻፈው ሊጉ ዛሬ ከደረሰበት ከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል በመመልከት እንደሆነ ግልጽ እየሆነ ሄደ።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ አርቀው የሚያስቡ የስድስት ክለቦች ባለቤቶች ተስማምተው አዲስ ሊግ መሠረቱ፤ ከእነሱ መካከል አንዱ የሞንትሪያል ዋንደረርስ ክለብ በእሳት አደጋ ምክንያት ብቻ ጠፋ፤ ጆ ማሎን በዚያ ዓመት ያስቆጠራቸው 44 ግቦች፣ በረኞች እንዲወድቁ ስለማይፈቀድላቸው እንደ ግንድ ቆመው የገቡባቸው በመሆናቸው ከቁም ነገር የሚቆጠሩ አይደሉም፤ በመጨረሻም ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሊጉ ሽልማት የነበረውን የስታንሊ ዋንጫ በመውሰድ አዲሱን ሊግ በጽኑ መሠረት ላይ አቆመው። የእኛም አገር ክለቦች ከእነዚያ ባለቤቶች አንድነት ሊማሩ እንደሚገባ ጸሐፊው ይመክራሉ። ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ አንዱም እንደቀረበ ሊተላለፍ የሚችል አይደለም።

ከትንሹ ልጀምር። ጽሑፉ ሊጉ «በ1917 ዓ.ም.» ተመሠረተ ይላል። ይህ የእኛን አንባቢ በቀጥታ የሚያሳስት ነው፤ 1917 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1925 ያለው ጊዜ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የቦስተን ብሩይንስ ወደ ሊጉ የገባበት እንጂ ሊጉ የተወለደበት ዓመት አይደለም። ሊጉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1917፣ ማለትም ኅዳር 17 ቀን 1910 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች የተካሄዱት ዲሴምበር 19፣ ማለትም ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ክለቦች የተባለውም ከዚሁ የሚቀራረብ ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ የሆኪ ጽሑፎች ዘወትር የሚነሡት «የመጀመሪያዎቹ ስድስት» ክለቦች፣ ከ1942 እስከ 1967 ድረስ ሊጉን ብቻቸውን የያዙት ናቸው፤ ስያሜው ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይመስለኛል። ከስድስቱ መካከል የ1917ቱን ስብሰባ ያየው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ሲሆን፣ የቶሮንቶው ክለብ ደግሞ በዘር ሐረግ ይቈጠራል። ቦስተን የገባው በ1924፣ የኒውዮርክ ሬንጀርስ፣ የቺካጎና የዲትሮይት ክለቦች ደግሞ በ1926 ነው። በ1917 በስም የነበሩት አምስት ነበሩ፦ ሁለቱ የሞንትሪያል ክለቦች ካናዲየንስና ዋንደረርስ፣ ኦታዋ ሴናተርስ፣ ኩቤክ ቡልዶግስ፣ እንዲሁም ቶሮንቶ። ኩቤክ በዚያ ዓመት እንደማይጫወት በማስታወቁ ወደ በረዶው የወጡት አራት ብቻ ናቸው፤ ጃንዋሪ ሳይጋመስ ደግሞ ሦስት ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጸሐፊው ባለቤቶቹን የተሰበሰቡት አዲስ ነገር ለመፍጠር ጓጉተው እንደሆነ አድርገው ሥለዋቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሊግ ነበራቸው። በዲሴምበር 1909 የተቋቋመው ናሽናል ሆኪ አሶሴሽን ስምንት የውድድር ዘመን ያሳለፈ፣ ደንብ፣ ጸሐፊና ተከፋይ ተጫዋቾች ያሉት ድርጅት ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር፣ ባለቤቶቹ ከመካከላቸው አንዱን፣ የቶሮንቶ ብሉሸርትስ ባለቤት የነበረውን ኤዲ ሊቪንግስተንን የሚያስወጡበት መንገድ ነው። ሊቪንግስተን ክርክር የማይሰለቸው፣ በየስብሰባው ደንብ የሚጠቅስ፣ ከዋንደረርሱ ባለቤት ከሳም ሊክተንሃይን ጋር ዓይንና ናጫ የሆነ ሰው ነበር። ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ዛሬም የሚያከራክር ቢሆንም፣ ሸሪኮቹ እንደጠሉት ግን ማንም አይክድም።

ጠቡ ወደ መጨረሻው ደረጃ የደረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነው። በ1916–17 የውድድር ዘመን ከተሳተፉት ቡድኖች አንዱ የ228ኛው ሻለቃ ጦር ቡድን ነበር፤ ወታደሮቹ በፌብሩዋሪ 1917 ወደ ባሕር ማዶ እንዲዘምቱ ሲታዘዙ ሊጉ በአምስት ቡድኖች ቀረ። አምስት ለመርሐ ግብር የማይመች ቁጥር በመሆኑ፣ የቀሩት ባለቤቶች የሊቪንግስተንን ቡድን ከውድድሩ አግደው ተጫዋቾቹን ለዚያ ዓመት ተከፋፈሏቸው። አንድን ክለብ በጠቅላላ ዘግቶ ንብረቱን ለተፎካካሪዎቹ ማከፋፈል ምን ዓይነት አንድነት እንደሚባል ጸሐፊው ቢያስረዱን መልካም ነበር።

በዚያው ዓመት መጸው ባለቤቶቹ ሊቪንግስተንን በማኅበሩ ደንብ መሠረት በቀላሉ ማባረር እንደማይችሉ ስለተረዱ ሌላ ዘዴ ዘየዱ፤ እሱን ከማኅበሩ በማስወጣት ፈንታ ራሳቸው ከማኅበሩ ወጡ። ሞንትሪያል በሚገኘው ዊንድሰር ሆቴል ተሰብስበው «አዲስ» ሊግ ሲያቋቁሙ የአሮጌውን ደንብና የጨዋታ ሕግ እንዳለ ወሰዱ፤ የአሮጌውን ማኅበር ጸሐፊ ፍራንክ ካልደርንም ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ካልደር እስከ ሞተበት እስከ 1943 ድረስ በዚያ ወንበር ቆየ። የተቀየረው የማኅበሩ ስም አንድ ቃል እና የአንድ ሰው ወንበር ነው። ሊቪንግስተን ብቻውን የቀረበት አሮጌው ማኅበር ቤቱ እንዳለ ሆኖ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት እንደለቀቀው ግቢ ሆነ።

ቶሮንቶ ግን ትልቅ ከተማ ስለሆነች ሊተዋት አልፈለጉም፤ በዚያ ላይ በመዩቹዋል ጎዳና የሚገኘው አሬና ጋርደንስ ሰው ሠራሽ በረዶ ያለው አዳራሽ ስለነበረ የአየሩ ጠባይ ቢሞቅም ጨዋታ አያስተጓጉልም። ስለዚህ የቶሮንቶን የተሳትፎ መብት ለአዳራሹ ባለቤት ኩባንያ ለአንድ የውድድር ዘመን በጊዜያዊነት ሰጡት። ኩባንያው አዳራሽ እንጂ ተጫዋች አልነበረውም፤ ተጫዋቾቹ የነበሩት በሊቪንግስተን እጅ ነው። በመሆኑም ሊቪንግስተንን ለማስወገድ በተፈጠረው ሊግ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያነሣው ቡድን በአብዛኛው በሊቪንግስተን ተጫዋቾች የተገነባ ነበር። የገቢው ክፍፍል ወዲያው ጠብ አስነሣ፤ ጠቡም ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጎተተ። ጸሐፊው ስለዚህ ሰው አንድ ቃል አለመጻፋቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ጉድለት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ያለ እሱ የሊጉ መመሥረት ምክንያት የለሽ ይሆናል።

የዋንደረርስን ነገር በተመለከተ፣ ጽሑፉ «እሳት ባይነሣ ኖሮ ክለቡ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር» ይላል። የሞንትሪያል አሬና ጃንዋሪ 2 ቀን 1918 መቃጠሉ እውነት ነው። ነገር ግን እሳቱ ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም፤ ለዚህም ጥሩ ምስክር አለ። በዚያው አዳራሽ ይጫወት የነበረው፣ በዚያው እሳት ትጥቁን ጭምር ያጣው ካናዲየንስ፣ ጁቢሊ ወደሚባለው አነስ ያለ የበረዶ ሜዳ ተዛውሮ ውድድሩን ቀጠለ፣ የመጀመሪያውን ዙር ደግሞ በአንደኝነት ጨረሰ። አንድ እሳት ሁለት ክለቦችን አግኝቶ አንዱ ሲሞት ሌላው ካሸነፈ፣ መልሱን መፈለግ ያለብን ከእሳቱ በፊት ነው።

ከእሳቱ በፊት ዋንደረርስ አራት ጨዋታዎችን አድርጎ ነበር። የመክፈቻውን ጨዋታ ቶሮንቶን 10 ለ 9 አሸንፎ ሲወጣ ሃሪ ሃይላንድ ብቻውን አምስት ግቦች አስቆጠረ፤ ወታደሮች በነጻ እንዲገቡ ቢጋበዙም ያንን ጨዋታ ያየው ሰው 700 ገደማ ብቻ ነበር። ጸሐፊው «ሕዝቡ በጦርነት መካከልም አዳራሾችን አጨናነቀ» ያሉትን ከዚህ ቁጥር ጋር እንዴት እንደሚያስታርቁት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ክለቡ በካናዲየንስ 11 ለ 2፣ በኦታዋ 6 ለ 3፣ እንደገና በኦታዋ 9 ለ 2 ተሸነፈ። በአራት ጨዋታ 17 አግብቶ 35 ገባበት። ሊክተንሃይን ተጫዋቾቹ በጦርነቱ ምክንያት ስለተመናመኑበት ሌሎቹ ክለቦች ሰው ካልሰጡኝ እወጣለሁ እያለ ማስፈራራት የጀመረው አዳራሹ ሳይቃጠል ነው። እሳቱ ሲነሣ የመውጫውን በር ከፈተለት፤ ሁለት ጨዋታዎች በፎርፌ ተሰጡበትና በ1906፣ በ1907፣ በ1908 እና በ1910 የስታንሊ ዋንጫን የወሰደው ክለብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታሪክ ሆነ። እኔን እንደ ተመልካች የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለ ስመ ጥር ክለብ በዚያ ሁኔታ መጥፋቱ ነው፤ ሐዘኔ ግን ምክንያቱን እንድለውጥ አያደርገኝም።

ወደ ጆ ማሎን ስመጣ፣ ጽሑፉ በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ሲያጋንን በዚህኛው ደግሞ ያለ አግባብ ያሳንሳል። ማሎን በ20 ጨዋታዎች 44 ግቦች አስቆጠረ፤ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 2.2 ማለት ነው፣ ይህም አማካይ እስካሁን አልተደረሰበትም። በጠቅላላ ብዛቱም ሞሪስ ሪሻር በ1944–45 በ50 ጨዋታዎች 50 እስኪያገባ ድረስ 27 ዓመት ቆይቷል። ጸሐፊው ቁጥሩን ውድቅ የሚያደርጉት በረኞች በረዶ ላይ መውደቅ ስለማይፈቀድላቸው ነበር በሚል ነው። እንዲህ ያለ ሕግ እንደነበረ አልክድም፤ መውደቅ የሚያበዛው የኦታዋው በረኛ ክሊንት ቤኔዲክት ሸርተቴው አዳልጦት እንጂ ሆን ብሎ እንዳልወደቀ እያስመሰለ ዳኞቹን ያስቸግር እንደነበር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ክልከላ የተነሣው ጃንዋሪ 9 ቀን 1918 ነው፤ ያ ማለት ውድድሩ በተጀመረ በሦስት ሳምንቱ። የውድድር ዘመኑ አብዛኛው ክፍል የተካሄደው በረኞች እንደፈለጉ እየወደቁ ነው።

እርግጥ ነው ግብ የበዛበት ዓመት ነበር። የአራቱን ክለቦች ግብ ብንደምር 342 ይሆናል፤ በፎርፌ ያለፉትን ሁለቱን ትተን በትክክል የተካሄዱት ጨዋታዎች 34 ስለሆኑ በአንድ ጨዋታ ዐሥር ያህል ግብ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው አጥቂውን ያስቸግር የነበረውን የሕጉን ሌላ ወገን ዘንግተዋል። በዚያ ዓመት በምሥራቁ፣ ማለትም በዚህ ሊግ ሕግ ፐክ የሚባለውን የጎማ ዲስክ ወደፊት ማቀበል አይፈቀድም ነበር፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ካልሆነ በቀር አጥቂው ራሱ እየገፋ ተከላካዮችን ማለፍ ነበረበት። ተቀያሪ ጥቂት ስለነበረም ታዋቂ ተጫዋቾች ስድሳውን ደቂቃ ሙሉ ወይም ጥቂት የጎደለው በረዶው ላይ ይቆዩ ነበር። ሁሉም በአንድ ሕግ ሥር ተጫውተው የኦታዋው ሳይ ዴኔኒ በ20 ጨዋታ 36፣ የቶሮንቶው ሬጅ ኖብል በ20 ጨዋታ 30 ሲያገቡ ማሎን 44 ካገባ፣ ልዩነቱ የሕጉ አይደለም።

የማሎን ቁጥር ላይ ጥያቄ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ከሕጉ የተሻለ ጥያቄ ነበረለት። ማሎን የኩቤክ ተጫዋች ነበር፤ ኩቤክ ባለመሳተፉ ተጫዋቾቹ ለሌሎቹ ክለቦች ሲከፋፈሉ ነው ካናዲየንስ እሱንና ተከላካዩን ጆ ሆልን ያገኘው። በዚህም ምክንያት ከኒውዚ ላሎንድ ጎን ተሰለፈ፤ ላሎንድ ራሱ በ14 ጨዋታዎች 23 ያገባ አጥቂ ነው። በመክፈቻው ዕለት ካናዲየንስ ኦታዋን 7 ለ 4 ሲያሸንፍ አምስቱን ያገባው ማሎን ነበር። እንግዲህ ይህን ያህል ያገባው ጥሩ ቡድን ስላገኘ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ለዚህም ቢሆን ታሪኩ መልስ አለው፦ ኩቤክ በ1919–20 ተመልሶ ሲገባ ማሎንም ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ፣ ከ24 ጨዋታ አራቱን ብቻ ባሸነፈው ደካማ ቡድን ውስጥም 39 አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1920 በአንድ ጨዋታ ያስቆጠራቸው ሰባት ግቦች እስከ ዛሬ የሊጉ ክብረ ወሰን ናቸው።

ስለ ዋንጫው የተጻፈው ክፍል ሦስት ስሕተቶችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዟል። መጀመሪያ፣ በ1918 ሜፕል ሊፍስ የሚባል የሊጉ ክለብ አልነበረም፤ ያ ስም የመጣው በ1927 ነው። በዚያ ዓመት የቶሮንቶው ቡድን ቁርጥ ያለ መጠሪያ ያልነበረው ሲሆን፣ «አሬናስ» የሚለው ስም የጸናው ከውድድሩ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የስታንሊ ዋንጫ የሊጉ ንብረት አልነበረም። የካናዳ ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ በ1892 የሰጡት ዋንጫ በባለአደራዎች እጅ የሚጠበቅ ነበር፤ የምሥራቁ ሻምፒዮን ፓትሪክ በሚባሉት ወንድማማቾች ከተመሠረተው የፓሲፊክ ዳርቻ ማኅበር ሻምፒዮን ጋር ገጥሞ ማሸነፍ ነበረበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚህ ፍልሚያ ካናዲየንስን የረታው ከአሜሪካ ክለቦች ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው የሲያትል ቡድን ነው። ዋንጫውን የናሽናል ሆኪ ሊግ ክለቦች ብቻ የሚፎካከሩበት የሆነው ከ1926–27 ጀምሮ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ድሉ አዲሱ ሊግ ከምዕራቡ የላቀ መሆኑን አስመሰከረ የሚለው ነው። ቶሮንቶና ካናዲየንስ ሁለቱም 13 አሸንፈው 9 ተሸንፈው ነበር፤ ካናዲየንስ ያገባው 115፣ የገባበት 84 ሲሆን፣ ቶሮንቶ 108 አግብቶ 109 ገባበት። የገባበት ካገባው የሚበልጥ ሻምፒዮን እንግዲህ ይህ ነው። ሁለተኛውን ዙር በማሸነፉ ለመለያ ጨዋታ ቀርቦ በሁለት ጨዋታ ድምር ካናዲየንስን 10 ለ 7 አሸነፈና ቫንኩቨር ሚሊየነርስን ገጠመ። አምስቱም ጨዋታዎች የተካሄዱት በቶሮንቶ ነው። ሁለቱ ማኅበራት ሕጋቸው የተለያየ ስለነበረ በየጨዋታው እያፈራረቁ ተጠቀሙ፤ በምሥራቁ ሕግ እያንዳንዱ ወገን ስድስት ሰው ሲያሰልፍ፣ በምዕራቡ ሮቨር የሚባል ሰባተኛ ተጫዋች ነበር፣ በሜዳው መካከለኛ ክፍልም ፐኩን ወደፊት ማቀበል ይፈቀድ ነበር።

ውጤቱን እንይ። በምሥራቁ ሕግ ቶሮንቶ 5 ለ 3፣ 6 ለ 3 እና 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በምዕራቡ ሕግ ቫንኩቨር 6 ለ 4 እና 8 ለ 1 አሸነፈ። ማንም በሌላው ሕግ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም። አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ተራው የምሥራቁ ሕግ ሆነ፤ ኮርቤት ዴኔኒ ባስቆጠራት ግብ ቶሮንቶ ዋንጫውን ወሰደ። የአምስቱ ጨዋታ ድምር ግን ቫንኩቨር 21፣ ቶሮንቶ 18 ነው፤ የቫንኩቨሩ ሳይክሎን ቴይለር ብቻውን ዘጠኝ አግብቷል። የቶሮንቶን ድል አልነሣውም፣ ሕጉን አክብሮ ያሸነፈ አሸንፏል። ነገር ግን ከዚህ ውጤት የአንድ ሊግ የበላይነት ሊወጣ አይችልም፤ እንዲያውም ናሽናል ሆኪ ሊግ በሚቀጥለው ዓመት ሰማያዊ መስመሮችንና በመካከለኛው ክፍል ወደፊት ማቀበልን ከዚያው ከምዕራቡ ማኅበር ወስዶ በደንቡ አስገብቷል። በላጭ ነኝ የሚል ሰው ከበታቹ ሕግ ሲቀዳ እምብዛም አይታይም።

«በጽኑ መሠረት ላይ አቆመው» የተባለውን ለማረም ደግሞ የሁለተኛውን የውድድር ዘመን ማየት ብቻ ይበቃል። ሻምፒዮኑ ቶሮንቶ በ1918–19 ከ18 ጨዋታዎች 5 ብቻ አሸንፎ፣ በሊቪንግስተን ክስ እየተዋከበ፣ በፌብሩዋሪ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ናሽናል ሆኪ ሊግ ሁለት ክለቦች፣ ኦታዋና ካናዲየንስ ብቻ የቀሩበት ሊግ ሆነ። ሁለቱ ተጋጥመው ያሸነፈው ካናዲየንስ ለዋንጫው ወደ ሲያትል ሲጓዝ የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ያ ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ገና አልጠፋም ነበር፤ ተጫዋቾች በመታመማቸው የፍጻሜው ውድድር አሸናፊ ሳይለይ ተቋረጠ፣ ከኩቤክ ወደ ካናዲየንስ የተከፋፈለው ጆ ሆልም ኤፕሪል 5 ቀን 1919 እዚያው ሲያትል ሞተ። ጸሐፊው ለአገራችን ክለቦች ያቀረቡት የአንድነት ምሳሌ ከተመሠረተ በአሥራ ሰባተኛው ወር የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ሊቪንግስተንም በዚያ ጊዜ ጉዳዩን ይዞ ገና ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ነበር።